ዱባ ውስጥ የበራ ሻማ

የዱባ ወጥ ሽታ ሌላ ነው፤ የተቀቀለ ዱባም ሽታው ሌላ ነው። እኔ የምለው ጥሬ ዱባ ሆዱ ተፍቆ ሻማ ሲበራበት፣ ክዳኑ ከላይ ቀስ እያለ ሲለበለብ የሚሸተውን ነው። ሲጀምር እንደ ተቃጠለ ስኳር ነው፤ መጨረሻው ላይ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይላል። ይህን ሽታ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን ብዙ አይመስለኝም።

በቀደም አመሻሽ ላይ ሽንኩርት ልገዛ ሾላ ገበያ ወርጄ ሳለ መብራት ጠፋ። አንዲት ሻጭ ነፋሱ ሻማዋን እያጠፋ ቢያስቸግራት፣ ግማሹን የሸጠችውን ዱባ ፍሬውን ጠርጋ አወጣችና ሻማዋን እዚያ ውስጥ ተከለችው።

"ምን ላድርግ እህቴ፣ ነፋሱ እኮ አላስሸጥ አለኝ" አለችኝ እየሳቀች።

ሽታው መጣብኝ። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"ምነው፣ አመመሽ እንዴ?"

"አይ፣ እህቴ ትዝ ብላኝ ነው" አልኳትና ሽንኩርቱን ሳልገዛ ዳገቱን ተያያዝኩት።

ቤታችን የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነበረች። ከበላያችን ባሕር ዛፍ ነው፤ ከበታቻችን የሰው ቆርቆሮ ጣሪያ። ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚያፏጭ፣ ትንሽ ሳለሁ ተራራው የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። እማዬ ሾላ መሬት ላይ ማዳበሪያ ዘርግታ ጎመንና ዱባ ትሸጣለች። እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ታላቅ እህቴ ጽጌ ደግሞ፣ እኔ "እታለም" ነበር የምላት፣ ፈረንጆች ቤት ልጅ አሳዳጊ ሆና ተቀጥራ እዚያው ታድር ነበር። የምትመጣው አልፎ አልፎ እሁድ ነው። ስትመጣ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች፤ የፈረንጆቹን ልጆች አነጋገር እየቀዳች ታሳየኛለች፤ እኛም እንስቃለን።

የዚያን ዓመት ክረምት ግን በላዳ ታክሲ ሻንጣዋን ይዛ መጣችና አልተመለሰችም። "ትንሽ ሳል ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይለቀኛል" አለች። እማዬ አልጋዋን ጥግ አድርጋ መጋረጃ ጋረደችላት። ስለዚያ በሽታ ያን ጊዜ በስሙ የሚናገር ሰው አልነበረም። "ሳንባ ነው" ይሉ ነበር፤ እሱንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መድኃኒቱ እንደኛ ላለ ሰው የደረሰው ኋላ ነው፤ እሷ አልጠበቀችውም።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? እታለም በየሳምንቱ እየቀነሰች ስትሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ክንዷ ክንዴን አከለ። የትምህርት ቤት ሹራቤን አንድ ቀን ብርድ ብሏት ስትለብሰው ልክክ አለላት። "ትንሽ ከጠበቅኩ እኩያዬ ትሆናለች፣ አብረን ትምህርት ቤት እንሄዳለን" ብዬ አሰብኩ። ለእማዬም ነገርኳት። እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና ሳትል እጇን አቆመች፤ ከዚያ መልሳ መቀንጠሷን ቀጠለች።

መጀመሪያ ላይ ሰው መጥቷል፤ አልዋሽም። ብርቱካንና ሙዝ ይዘው እየመጡ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቀጥሎ በርጩማ ላይ፣ ቀጥሎ ደጃፍ ላይ ቆመው "እንዴት ዋለች?" ሆነ። በመስከረም ማለቂያ ያም ቀረ። አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ እታለምን አዝላ ያሳደገች ሴት፣ በአጥሩ በኩል ማውራቷን ተወች። ልጇ ሜሮን የኔ ጓደኛ ናት። አንድ ቀን እነሱ ቤት ተጫውተን ውሃ ጠጣሁ። የጠጣሁበትን ሰማያዊ ኩባያ ልመልስ ስዘረጋ እትዬ ብርቄ እጇን ሰበሰበች።

"ላንቺ ይሁን የኔ ልጅ። ይዘሽው ሂጂ።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ አበባ ያለበት ኩባያ ነው! እየሮጥኩ ገብቼ ለእማዬ አሳየኋት። "እትዬ ብርቄ ሸለመችኝ!" አልኩ። እማዬ ኩባያውን ተቀብላኝ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አልጋ ስር ወደ ውስጥ ገፍታ አስቀመጠችው። እኔ እንዳይሰበር ብላ መሰለኝ።

ወሬው ሾላም ወረደ። የእማዬ ደንበኞች ከሷ አልፈው ከጎኗ መግዛት ጀመሩ። ጎመኑ ይጠወልጋል፣ ለጎረቤት በግ ይሰጣል። ዱባው ግን አይበላሽም፤ ስለዚህ ጠዋት በጀርባዋ አዝላ ያወረደችውን ማታ አዝላ ታወጣዋለች። በግድግዳው ጥግ ዱባ ተደረደረ። ትልቁ፣ ትንሹ፣ ጎባጣው፣ ሁሉም ወደ እታለም አልጋ ዞረው የታመመ ሊጠይቁ የመጡ እንግዶች ይመስሉ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እታለም መጋረጃውን ገልጣ ስታያቸው ቆየችና ብቻዋን ፈገግ አለች።

"አንቺ፣ ጥቅምት ገባ አይደል? አሁን እነ ፈረንጆቹ ቤት ዱባ ዓይን የሚወጣለት ጊዜ ነው።"

"ዱባ ዓይን አለው?"

"ያወጡለታል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጥርስ። ውስጡን ፍቀው ሻማ ያበሩበታል። ሀሎዊን ይሉታል፣ በዓላቸው ነው።"

"ከዚያ ይበሉታል?"

"አይበሉትም። ያስፈራሩበታል። ልጆቹ አጽም ይሆናሉ፣ ጠንቋይ ይሆናሉ፣ የሞተ ሰው ይሆናሉ። በየቤቱ እየዞሩ በር ያንኳኩና ያስፈራሉ፤ ከረሜላ ይሰጣቸዋል።"

"እንደ ሆያ ሆዬ?"

"እንደሱ። ዘፈኑ ብቻ የለም።"

"ስላስፈራሩ ነው ከረሜላ የሚሰጣቸው? ፖሊስ ዝም ይላቸዋል?"

ሳቋ መጣና ሳሉን ይዞ መጣ። ውሃ ሰጠኋት። እስኪለቃት ጠብቄ፣ "ግን ለምንድን ነው ቤታቸውን በሞተ ሰው የሚሞሉት?" አልኳት።

ጣሪያውን እያየች መለሰችልኝ። "ሞት ሲመጣ፣ 'እዚህስ ቀድመውኝ ገብተዋል' ብሎ እንዲያልፍ ይሆናላ።"

"እውነት?"

"እውነት። ግን እንግዳ መጥቶ መሳቅ አለበት። ሳቅ ከሌለ ሞት አይሞኝም።"

ዛሬ ሳስበው እየቀለደች ነበር። እኔ ግን አስተማሪ ሰሌዳ ላይ እንደጻፈው አድርጌ ያዝኩት። ሞት የሚለውን ቃል እትዬ ብርቄ ለሴቶች ስትናገር በአጥሩ ቀዳዳ ሰምቼው ነበር፤ "ገናን አትደርስም" ብላለች። እንግዲህ መላው ተገኘ ማለት ነው። ቤታችንን በሞት መሙላት፣ ሰው መጥራት፣ ማሳቅ። ሰው ከመጣና ከሳቀ እታለም አትሞትም።

ቀኑን እሷው መረጠችው። የፈረንጆቹ በዓል የኛ የጥቅምት ማርያም ዕለት ይውላል አለች። ሥራው እሷ ተኝታ እያዘዘች፣ እኔ እየሠራሁ ሆነ። ልክ እንደ መሐንዲስ ነበር የምታዘኝ። "እሱ ዱባ አይሆንም፣ አገጭ የለውም። ያንን ጎባጣውን አምጪ።" ክዳኑን በቢላ ዙሪያውን ስቆርጠው ጭማቂው በክንዴ ወረደ፤ ውስጡ እንደ ክረምት ጭቃ ይቀዘቅዛል። ሆዱን በማንኪያ ፋቅኩት። ዓይኑን ለማውጣት ጉልበቴ አልበቃ ሲል እጄ ላይ እጇን ደርባ ቢላውን ያዘችውና አብረን ገፋነው። መዳፏ ይፋጅ ነበር።

ከጥቁር ፌስታል የሌሊት ወፍ ቆረጥን። ከእማዬ የሚፈተል ጥጥ እየሳብን የሸረሪት ድር ሠራን። ባሕር ዛፉ ስር የተላጠውን ረጅም ቅርፊት ለቅሜ አመጣሁና በበሩ ላይ እንደ ተቀደደ ልብስ ሰቀልነው። ባዶ የቲማቲም ጣሳ በሲባጎ አያይዘን ነፋስ እንዲያንኳኳው አጥሩ ላይ አሰርን። አጽሙን እሷ ራሷ ሣለችው፤ በአሮጌ ካርቶን ላይ በከሰል። ጎድን አጥንቱን ስትሥል የራሷን ጎን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር፤ እኔ ጎበዝ ሠዓሊ ናት ብዬ ተደነቅሁ።

"ፈረንጆቹ ደግሞ ፓስታ ቀቅለው ጨለማ ውስጥ በሳህን ያስቀምጡና 'የሞተ ሰው አንጀት ነው፣ ንኩት' ይላሉ።"

"ፓስታ?! የሚበላውን?"

"የሚበላውን።"

"እማዬ ትገድለናለች።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለችና በፓስታው ፋንታ ቃጫ በውሃ ዘፈዘፍን።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አስፈሪ ሆኖ ወጣ። ከጤና ጣቢያ የመጣች ሴት ለእማዬ ነጭ የላስቲክ ጓንት ሰጥታት ነበር፤ እታለምን ስታጥብ እንድታደርገው። እማዬ "ልጄን በላስቲክ አልነካም" ብላ ቁም ሳጥን ላይ ወርውራዋለች። እታለም ያንን አስወረደችኝ። ውሃ ሞልተን፣ ጠብታ ቀይ ቀለም ጨምረን አፉን ቋጠርነው። ጣቶቹ አበጡ። በክር አንጠልጥለን ከግቢው ደጃፍ በላይ ሰቀልናቸው። የሞተ ሰው እጆች።

እማዬ ማታ ስትገባ ካርቶኑን አጽም አይታ ዱባዋን ሳታወርድ ቆመች።

"ምንድን ነው ይሄ? ሰይጣን ልትጠሩብኝ ነው?"

"ልናባርረው ነው እማዬ" አልኳት።

ልትቆጣ አፏን ከፍታ እታለምን አየቻት። እታለም ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ጣቷ በከሰል ጠቁሯል፤ ከስንት ቀን በኋላ ሳህኗ ባዶ ሆኗል። እማዬ አፏን ዘጋች። "ብቻ የዱባውን ፍሬ እንዳትጥሉት፣ ይቆላል" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የቀረው እንግዳ ነበር። ትምህርት ቤት ለሁሉም ነገርኩ። ሁሉም "እሺ" አሉ፤ ግን "እሺ" ሲሉ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ነው። ሜሮንን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኋት።

"ትመጫለሽ?"

"እማዬ ግቢያችሁ እንዳልገባ ብላለች። ሳሉ ይይዛል።"

"እኔን መች ያዘኝ?"

"አንቺማ የነሱው ነሽ።"

"ማነው 'እነሱ'?"

ሜሮን አሰበችና አላወቀችውም። "በቀዳዳ አያለሁ በቃ" አለችኝ።

"መሳቅም አለብሽ!"

"በቀዳዳ ሆኜ እስቃለሁ።"

"አይቆጠርም! ግቢ ውስጥ ነው!"

የጥቅምት ማርያም ዕለት እነ እትዬ ብርቄ ቤት የማርያም ጽዋ ነበረ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል፤ ጠላው፣ ዳቦው፣ ጨዋታው በአጥሩ ላይ ያልፋል። እማዬም የማኅበሩ አባል ናት፤ ያን ዓመት ግን ተራዋን ዘለሏት። "ልጅሽን አስታሚ፣ እኛ እንሸከምልሻለን" አሏት። ስለዚህ እሷ በበዓሉ ዱባዋን ተሸክማ ሾላ ወረደች።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁሉን ነገር አዘጋጀን። እታለም በነጭ አንሶላ ተጠቅልላ፣ ፊቷን ዱቄት ነስንሳ፣ ጨለማው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንግዶቹ ሲገቡ ልትነሳ ነው። ዱባው ደጃፉ ላይ በራ። ጥርሱ ብጫ ሆነ። ክዳኑ መለብለብ ጀመረና ያ ሽታ መጣ። ጣሳዎቹ ኳ፣ ኳ ይላሉ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ማንም አልመጣም።

እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች ጎብጠው አለፉ፤ ቀና ብለው አላዩንም። የሜሮን ዓይን በቀዳዳው ትንሽ ታየና ጠፋ። ሻማው ማጠር ያዘ። እኔም አንዴ ሻማውን፣ አንዴ መንገዱን አያለሁ፤ ሳቅ የለም፣ ሳቅ ከሌለ ደግሞ...

"አልመጡም?" አለች እታለም ከጨለማው።

"እየመጡ ነው" አልኩ።

"ነይ እስቲ። እንዲህ ባዶሽን ብትቆሚ ማን ይመጣል? አንቺም ማስፈራት አለብሽ" አለችኝ። የእማዬን ነጠላ ከምስማሩ ላይ አወረደችና በትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ፤ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቴን አቅፎ አገጬ ድረስ። በከሰል ከዓይኔ ስር አጠቆረችልኝ። "በይ ሂጂና በነሱ በር ላይ ጩኺ። የቻልሽውን ያህል።"

ነጠላ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ እንደሚለበስ፣ ጥለቱ ወደ አንገት የሚወጣው ሰው ሲሞት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ለቅሶ ቤት አስገብተውኝ አያውቁም። ሮጥኩ፤ እነ ሜሮን በር ላይ ቆምኩ፤ በልጅ ጉሮሮዬ "ኡኡኡ!" አልኩ።

ጨዋታው ጸጥ አለ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ብርቄ ብርጭቆዋን እንደያዘች ወጣችና አየችኝ፤ ዓይኗ ከፊቴ ወደ ጥለቱ ወረደ። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

"ወይኔ ጽጌ! ወይኔ ልጄን!"

ከኋላዋ ሴቱ ሁሉ ግር ብሎ ወጣ። እየሮጡ ነጠላቸውን ይገለብጣሉ፤ ደረታቸውን ይመታሉ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ታደሰ ጡሩምባቸውን ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሲሮጡ አየኋቸው። ግቢያችን ባንድ አፍታ ሞላ። የሌሊት ወፎቹን ማንም አላያቸውም፤ አጽሙን ማንም አላየውም፤ ዱባውን አንዷ በእግሯ ገፍታው አለፈች። መጡ! ሁሉም መጡ! ግን ያለቅሳሉ።

"የኔ አበባ! ጀርባዬ ላይ ያደግሽው! ሳላይሽ ሄድሽብኝ!" ትላለች እትዬ ብርቄ።

"አይደለም! ሳቁ! መሳቅ ነው ያለባችሁ!" እላለሁ እኔ እየዘለልኩ።

"ልጅቷን ያዟት፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣባት!" አለች አንዷ። እትዬ ብርቄ ሳብ አድርጋ እቅፏ ውስጥ ከተተችኝ። ከኩባያው ቀን ወዲህ የነካችኝ ያን ጊዜ ነው። ጠላና ቅቤ ትሸታለች፤ ደረቷ ይሞቃል፤ እንባዋ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። እውነቱን ልናገር፣ መጮኼን አቆምኩ። ዝም ብዬ ታቀፍኩ።

ጋሽ ታደሰ ጡሩምባቸውን ይዘው በደጃፉ ሲገቡ ራሳቸው አንደኛዋን ጓንት ገጨ። ፈነዳችና ቀዩ ውሃ በፊታቸው ወረደ። "በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ?" አሉ። የሳቀ የለም።

እማዬ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ከዳገቱ መታጠፊያ ላይ ሆና ግቢዋ በተገለበጠ ነጠላ ተሞልቶ አየች። ጩኸት አላሰማችም። የተሸከመችውን ለቀቀችው፤ ዱባዎቹ ኮረኮንቹን እየነጠሩ ቁልቁል ወረዱ። እሷም ባለችበት በጉልበቷ ወረደች፤ መሬቱን በሁለት መዳፏ እየመታች፣ ድምፅ የሌለው አፏ ተከፍቶ።

ከቤቱ ጨለማ ውስጥ እታለም ወጣች። ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ፊት፣ የበሩን መቃን ይዛ።

"እማዬ፣ አለሁ። አለሁ እኮ።"

የዚያን ጊዜውን ጩኸት ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሴቶቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ወደ አጥሩ ሸሹ። ጋሽ ታደሰ ጡሩምባቸውን እንደ መስቀል ወደ ላይ አነሱ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለና ጣሳዎቹ ብቻ ኳ፣ ኳ አሉ። እታለም ያንን ሁሉ ሰው ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቀች። አንሶላዋን ይዛ፣ ዱቄቱ በእንባ እየተቦካ፣ ሳሉ እስኪያጎብጣት ድረስ ሳቀች። ሌላ የሳቀ የለም።

እማዬ ከመሬት ተነሳች። ጉልበቷ ደምቷል። በሴቶቹ መሃል ቀስ ብላ አለፈች፤ እያንዳንዳቸውን እያየች።

"ለካ ቤቴን ታውቁታላችሁ" አለች።

አንድ በአንድ ወጡ። ነጠላቸውን መልሰው ለማስተካከል እንኳ የቆመች የለችም። አንዷ የጽዋውን ዳቦ ደጃፍ ላይ ትታ ሄዳለች፤ እሱን አልበላነውም።

ሲመሽ እታለም አጠገብ ተኛሁ። ዱቄቱ ከጆሮዋ ኋላ አልለቀቀም ነበር።

"አየሽ፣ መጡ" አለችኝ።

"አልሳቁም ግን።"

"እኔ ስቄያለሁ።"

"የባለቤት ሳቅ ይቆጠራል?"

ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ሳብ አደረገችልኝ። "ይቆጠር" አለች።

ጥለቱን ወደ ላይ ያደረገችው አውቃ ይሁን እጇ ተሳስቶ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ያን ያህል ያደገች የየካ ልጅ ይህን ሳታውቅ ትቀራለች ብዬ ማመን ይከብደኛል። ምናልባት ማን እንደሚያለቅስላት ማየት ፈልጋ ይሆናል። ምናልባትም እኔ በዚያ በር ላይ ብቻዬን መቆሜን ማየት አልቻለችም። ከጨለማው ውስጥ ለምን ያን ያህል ቆይታ እንደወጣች ግን አውቃለሁ፤ ሲያለቅሱላት እየሰማች ነበር።

ከዚያ በኋላ እፍረታቸው ወደ ቁጣ ተለወጠ። "በሞት ይቀለዳል? ሟርት ነው የጠሩት" ተባለ። እትዬ ብርቄ የአጥሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ አስመታችው። ዱባው ደጃፉ ላይ ቀረ፤ ማንም አላነሳውም። ቀን በቀን ፊቱ እየተጨማደደ፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ እየገባ፣ አገጩ እየወረደ ሄደ። እኔ ጠዋት ጠዋት እሱን አያለሁ፤ ከዚያ ገብቼ እታለምን አያለሁ። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ በሽታ እንዲወጣ ቆሻሻውን በየደጁ ሲያቃጥል፣ እማዬ ዱባውን በአካፋ አንስታ እሳቱ ውስጥ ጣለችው። ጭሱ ከሁሉም ቤት ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣ። ሽታው ግን ይለያል፤ እኔ እለየዋለሁ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት እማዬ ቀሰቀሰችኝ። መጋረጃው ተከፍቷል። እታለም ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው፤ የኔን ሹራብ ለብሳለች፤ ሹራቡ ሰፍቷት ነበር።

እማዬ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደችና በትከሻዬ አደረገችልኝ፤ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቴን አቅፎ አገጬ ድረስ። ልክ እንደዚያ ቀን። "ሂጂ፣ ለእትዬ ብርቄ ንገሪ" አለችኝ።

ሄድኩ። አልጮህኩም። ሜዳው ላይ ልጆች ብይ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ያየችኝ ሜሮን ናት።

"ሀሎዊን መጣች! ሀሎዊን!"

ልጆቹ ብያቸውን ትተው ሳቁ። እጃቸውን እያወዛወዙ "ኡኡኡ!" አሉኝ። እትዬ ብርቄ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ አታሞኚንም!" አለች፤ ከዚያ እሷም ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም፤ እታለምን አዝላ ስታሳድግ የሳቀችው አይነት ሳቅ መሰለኝ። ጫጫታውን ሰምተው በየደጁ ብቅ ያሉት ሴቶችም ሳቁ። ጋሽ ታደሰ እንኳ ከደጃቸው ሆነው ፊታቸውን በእጃቸው ጠረግ እያደረጉ፣ የዚያን ቀኑን ውሃ አስታውሰው ይስቁ ጀመር።

ጥቅምት ላይ የፈለግኩት ሳቅ ነበር። ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ መጣ።

እኔም ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ስቀው እስኪጨርሱ ዝም ብዬ ጠበቅኋቸው።